ለክብሮም የሠራነው ሳሙና

ባለፈው ሳምንት ግቢያችን ውስጥ የተከራየች ቅድስት የምትባል ተማሪ የፕላስቲክ ምሳ ዕቃ ይዛ በራችንን አንኳኳች።

«ሳሙና መሥራት ልጀምር ነው። የማፈሰው በዚህ ነው፤ ስንት ዘይት ይበቃዋል?»

ርዝመቱን፣ ስፋቱንና ቁመቱን በማስመሪያ በሴንቲሜትር ለካሁ። ሦስቱን አባዛሁና ከመቶ ሰባ እጁን ወሰድኩ። «ያን ያህል ግራም» አልኳት። ማን እንዳስተማረኝ ጠየቀችኝ። ወንድሜ አልኳት።

ወንድሜ ክብሮም የሒሳብ አስተማሪ ነበር። በጦርነቱ ወደ ከተማችን የሚያስገባው መንገድ በተዘጋበት ጊዜ ኩላሊቱን ታሞ ቤት ዋለ። ሕክምናውን «የኩላሊት እጥበት» ይሉታል። ለእጥበቱ የሚያስፈልገው ነገር ከከተማው እየጠፋ ሲሄድ ተራው ይራዘምበት ጀመር። ቆዳው ደርቆ ያሳክከው ነበር። ጥፍሩ አልበቃው ሲል በማበጠሪያ ይፍቀው ነበር። ገበያ ላይ የተገኘው ሳሙና ደግሞ ይለበልበዋል።

«ኩላሊቴን የሚያጥብ ከጠፋ ቆዳዬን እንጠበው እንጂ፣ ሓወይ» አለኝ አንድ ቀን፤ ወንድሜ ማለቱ ነው። እየሳቀ ነው ያለኝ።

አሠራሩን የነገረችው አብራው የምታስተምር ሴት ናት። ዘይት፣ ውሃና ኮስቲክ ሶዳ የሚባለው የሚያቃጥል ኬሚካል ነው፤ ሌላ የለውም። እኔ ከተሰበረ ወንበር ጣውላ ሳጥን ሠራሁ። ክብሮም ሲያሰላው አንድ ኪሎ ዘይት የሚፈልግ ሆነ። ክረምት ነበር፤ ዘይቱን ቀዳማይ ወያነ ከሚባለው ገበያ በጭቃ በእግሬ አመጣሁት። ሶዳውን ጎረቤታችን ወርቅ ሠሪው ሚዛን ላይ መዘንነው። ዘይትን ግን ማን ይመዝናል? ስንገዛው የኖርነው በሊትር ነው። አንድ ሊትር ሙሉ ገለበጥን። ክብሮም ትራስ ተደግፎ አማሰለ፤ ሲደክመው ተቀበልኩት። እንደ አጥሚት ሲወፍር ሳጥኑ ውስጥ አፈሰስነው።

በሳምንቱ ክብሮም ደርሶ እንደሆነ ለመፈተን ጫፉን ቆረሰና ምላሱን አስነካው። ፊቱ ተኮማተረ።

«ኮረንቲ ነው!»

እናታችን ከጓዳ ብቅ አለች። «ምን በላህ፣ ወደይ?»

«ሳሙና።»

«ዋይ! ጨው ተው ቢሉህ ሳሙና ጀመርክ?»

ሳቅን። ሦስታችንም አብረን የሳቅንበት የመጨረሻው ቀን ይመስለኛል።

ክብሮም ቁራሹን እያገላበጠ «ዘይት ውሃ ላይ ለምን ይንሳፈፋል?» አለኝ።

«ስለሚቀል።»

«ታዲያ ሊትሩ እንዴት ኪሎ ይሞላል?»

ከኪሎ ላነሰ ዘይት ለኪሎ ዘይት የሚሆን ሶዳ ሰጥተነው ነበር። ምላሱን የነከሰው የተረፈው ሶዳ ነው። «የሒሳብ አስተማሪ ተብዬ!» ብሎ ራሱን ሰደበ።

የቀረን ግማሽ ሊትር ነበር። በዚያው ሳጥን ብናፈሰው እንደ ቂጣ ይሳሳል። ስለዚህ ሳጥኑን መሃሉ ላይ በጣውላ ከፈልኩት። አሁን ዘይቱንም መዘንነው። ሶዳውን ቀነስ አድርገን፣ ለቆዳው የሚተርፍ ቅባት ተውንለት። ሲረጋ ቆርጠን መስኮቱ ላይ ደረደርነው። ሶዳው እንዲበርድ ነፋስ እየመታው ቢያንስ አንድ ወር መቆየት አለበት ተብለናል። ክብሮም አልጋዬን ወደ መስኮቱ አዙርልኝ አለ። በየጠዋቱ «አሁንስ?» ይለኛል። «ገና ነው» እለዋለሁ።

ወሩ ሳይሞላ ዐረፈ።

ገናዦቹ መጥተው ውሃ ሲቀርብላቸው ከመስኮቱ አንዱን ሳሙና አንስቼ ሄድኩ። ለእሱ የተሠራ ነው፤ ሌላ ምን ላድርገው? እናቴ እጄን ያዘችው።

«ተው፣ ወደይ። ገና ነው። ያቃጥለዋል።»

 በውሃ ብቻ አጠቡት።

በኋላ ሳሙናው ደረሰ። ምላሴን አስነካሁት። ምንም አላለኝም።

ይህን ለቅድስት አልነገርኳትም። አንድ ወር መጠበቅ እንዳለባት ብቻ ነገርኳት።

«ወር? እኔማ ከሰል ላይ ነው የማበስለው» አለችኝ። «በእሳት ከበሰለ በማግስቱ ይታጠቡበታል እኮ። አታውቅም እንዴ?»

አላውቅም ነበር። ያኔ ኢንተርኔት አልነበረም፤ የነገረችን ሴትም የምታውቀው አንዱን መንገድ ብቻ ነው። በማንም አይፈረድም። ይህን ለራሴ ደጋግሜ እላለሁ። ግን ከሰል ነበረን። ምግባችንን በየቀኑ የምናበስለው በከሰል ነበር።

ቅድስት ስትሄድ እናቴ ልጅቷ ምን ፈልጋ እንደመጣች ጠየቀችኝ።

«ልኬት» አልኳት። ሳሙና በከሰል በማግስቱ እንደሚደርስ እሷ ባታውቀው ይሻላል።