በእናቴ ክንድ የተለካው የጃፓን መሥሪያ ቤት

ማስተማር በጀመርኩበት ዓመት፣ በኃላፊዬ ፊት አንድ የፈተና ትምህርት መስጠት ነበረብኝ። ካለፍኩ ዌምብሊ ያለው ትምህርት ቤት በቋሚነት ይቀጥረኛል፤ ከወደቅኩ ኮንትራቴ ሲያልቅ ሌላ ቦታ አፕላይ ማድረግ ነው። የማስተምረው ታሪክ ነው፤ ርዕስ የመምረጡ መብትም የእኔ ነበር። ባልደረቦቼ “የለመድሽውን አስተምሪ” ሲሉኝ እኔ ጃፓንን መረጥኩ።

ምክንያት ነበረኝ። በዚያ ዓመት የበጋ እረፍት ሰሜን ጃፓን ሄጄ፣ በአንድ የድሮ ምሽግ ውስጥ የቆመ የመንግሥት መሥሪያ ቤት አይቻለሁ። የመጀመሪያው ሕንፃ ድሮ ፈርሷል፤ አሁን ያለው እንደገና የተሠራ ነው። እኔን የማረከኝ አሠራሩ ነው። ሠሪዎቹ የድሮ ፎቶግራፍ፣ የወለል ፕላንና ከመሬት ተቆፍሮ የወጣ የመሠረት ድንጋይ ይዘው ተነሡ። ያቆሙት ግን ሙሉውን አይደለም፤ የቀሩትን ክፍሎች ውጭ፣ መሬት ላይ፣ በመስመር ብቻ አሳዩአቸው። ጎብኚ ጫማውን አውልቆ ቤቱን ያያል፤ ከዚያ ጫማውን አጥልቆ ግድግዳ በሌላቸው ክፍሎች ውስጥ ይዞራል።

እዚያ አገር ክፍል የሚለካው ወለሉ ላይ በሚነጠፈው የሣር ምንጣፍ ብዛት ነው። አንዱ ምንጣፍ ርዝመቱ አንድ ሜትር ከሰማንያ ያህል፣ ወርዱ የዚያ ግማሽ ይሆናል። እቅዴ ቀላል ነበር፦ ተማሪዎቼ በምንጣፍ ልክ የተቆረጠ ጨርቅ እያነጠፉ ሕንፃውን በትምህርት ቤቱ ግቢ ላይ በጠመኔ ይሥሉታል።

እሑድ ከሰዓት አርችዌይ ባለው ቤታችን አሮጌ መጋረጃ ዘረጋሁ። ሜትሩ ግን ጠፋ።

“ምን ያህል ነው የምትፈልጊው?” አለች እናቴ። መርካቶ፣ በአባቷ ጨርቅ ቤት ውስጥ ያደገች ሴት ናት።

“አንድ ሜትር ከሰማንያ።”

“አራት ክንድ ነዋ! ወርዱ ሁለት። አምጪው።”

“እማዬ፣ ፈተና እኮ ነው።”

“እና? በዚህ ክንድ ስንት ሙሽራ አልብሻለሁ! አንድ ሰው አጠረኝ ብሎ መልሶ ያውቃል?”

ከክርኗ እስከ ጣቷ ጫፍ እየለካች ቆረጠችው። እጇ ፈጣን ነበር፤ እኔም አምኜ ሌሎቹን በዚያ ልክ ቆረጥኳቸው። የእናቴ ቁመት ከትከሻዬ እንደማያልፍ ያኔ አልታሰበኝም።

ማክሰኞ ጠዋት ኃላፊዬ ማህደሩን ይዞ ግቢው ዳር ቆመ። ሥራው አማረ። በተንሸራታች በር የሚያያዙት የሕንፃው አራት ትልልቅ ክፍሎች ተሣሉ፤ ርዝመታቸው ባንድ ላይ አሥራ ሁለት ምንጣፍ ነው። የመጨረሻው ሥራ ልኬቱን ከወለል ፕላኑ ጋር መፈተሽ ስለነበር፣ ከሒሳብ ክፍል የተዋስኩትን ሜትር ለአንዲት ጥንቁቅ ተማሪዬ ሰጠኋት።

“ሚስ፣ ቤቱ ጎድሏል።”

“ስንት?”

“ወደ ሁለት ሜትር። ደግሜ ለክቻለሁ።”

ጨርቁን ራሴ ለካሁት፤ አንድ ሜትር ከስልሳ አራት። ኃላፊዬ እስክሪብቶውን አነሣ። “ትንሽ ልዩነት ነው” ብዬ ላልፈው እችል ነበር፤ ግን ሜትሩን ለምን ሰጠኋት ታዲያ?

“ልክ ነሽ” አልኳት። “ይህን ጨርቅ የለካችው እናቴ ናት፣ በክንዷ።” ክንድ ምን እንደሆነ በእጄ አሳየኋቸው። ግቢው በሳቅ ሞላ።

“ሚስ፣ እናትዎ ቁመታቸው ስንት ነው?” አለ አንዱ።

“ካንተ ታጥራለች፤ ግን አትንገርባት። አሁን መልሱልኝ፤ የሣልነው ሁሉ ስህተት ነው?”

ወደ ጠመኔው መስመር ዞሩ። ከዚያ ያቺው ልጅ “ክፍሎቹ እርስ በርሳቸው ልክ ናቸው። ሁሉም ያነሱት እኩል ነው” አለች።

“ጎበዝ። ታዲያ በእጃችሁ ያለው ፎቶግራፍ ብቻ ቢሆን፣ የሕንፃውን ትክክለኛ መጠን በምን ታውቃላችሁ?”

“ፎቶው ውስጥ ልኩ የታወቀ ነገር እንፈልጋለና!” ብሎ ጮኸ ከኋላ የቆመ አንድ ልጅ። “በር! ሰው!”

“ሰውማ አይሆንም” አለችው ጓደኛው። “የሚስ እናት ብትሆንስ?”

ይህን ሐሳብ ለማስረዳት ሦስት ስላይድ አዘጋጅቼ ነበር። አልከፈትኳቸውም።

ሩብ ሰዓት ቀረን። ተማሪዎቹ ተነጋግረው አንዱን ክፍል ብቻ አጥፍተው በሜትር ደግመው ሣሉት። በሌሎቹ ሦስት ላይ አንዷ በትልልቅ ፊደል “ገና ያልተረጋገጠ” ብላ ጻፈችባቸው። እኔ አላዘዝኳትም።

ከሰዓት በኋላ ኃላፊዬ ቢሮው ጠራኝ።

“ጨርቁን ቀድመሽ ቼክ አላደረግሽም። ጽፌዋለሁ፤ አልሰርዘውም።”

“አይሰረዝ።”

“ሜትሩን ለልጅቷ የሰጠሻት አንቺ ነሽ?”

“አዎ። መፈተሽ የእቅዱ ክፍል ነበር።”

“የሚያጋልጥሽን ነገር በእጇ ሰጠሻት ማለት ነው።”

“ያንን ነበር ላስተምራት የፈለግኩት።”

ትንሽ ፈገግ አለና “አልፋለች” የሚለው ላይ ምልክት አድርጎ ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋው። ፈረምኩ። ከቢሮው እንደወጣሁ ግቢውን ለሐሙስ፣ ለሌላኛው ክፍል ተማሪዎቼ፣ አስያዝኩት።