ጣሪያ የተሠራላት ጽጌረዳ

ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ከአገር ወጥተን፣ ካንሳንጋ በሚባል ሰፈር ከአክስቴ ጋር በተከራየነው ቤት ጓሮ አንዲት ጽጌረዳ ነበረችን። አያቴ ሞታ የአዲስ አበባው ቤት ሲፈርስ፣ አክስቴ ከግቢው ጽጌረዳ አንድ ቅርንጫፍ ቆርጣ አምጥታ የተከለቻት ናት። ከዚያ ግቢ የተረፈችን እሷ ብቻ ነበረች።

አንድ ቀን አከራያችን ልብስ ልታሰጣ መጥታ አየቻትና፣ "ይቺማ የእኔ ናት፤ ድሮ እዚሁ ቆርጫት ከሥሯ አቆጥቁጣ ነው" አለች።

አክስቴ ፊቷ ጠቆረ። "እውነቷን ነው፤ እኔ ያመጣሁት ቅርንጫፍ ደርቆ ቀርቶ ይሆናል" አለችኝ። "የእማዬ በዓመት አንዴ፣ ክረምቱ ሲወጣ ነበር የምታብበው። ይቺ መቼ አርፋ ታውቃለች? ነቅዬ ጎመን እተክልበታለሁ።"

"ተይ እንጂ እትዬ! አያቴ በበጋ ውሃ ታጠጣት ነበር?"

"ውሃ? ለእኛ ፊት መታጠቢያ መች ተገኝቶ!"

"ታዲያ ያረፈችው ተጠምታ ነዋ! እዚህ በየሳምንቱ እየዘነበላት ለምን ትረፍ?"

አበባ ያስተማረኝ ሰው የለም፤ የማውቀውን ሁሉ ያወቅሁት ቆሜ እያየሁ ነው። በማግስቱ ዝናብ እንዳያገኛት አራት እንጨት ተክዬ ሸራ ወጠርኩባት፣ ዙሪያዋን ቦይ ቆፈርኩ። አከራያችን ከበረንዳዋ ሆና "ለአበባ ጣሪያ!" እያለች ሳቀችብኝ።

"ባይሆን የእሷ አያፈስም፤ የእኛንም እንዲህ ያድርጉልን" አልኳት።

ሸራውን ሦስት ወር ያህል እንደተወጠረ ተውኩት። ቅጠሏ ሲረግፍ አክስቴ "ገደልሻት" ብላ አኮረፈችኝ። ሸራውን ባነሳሁ በወሩ ግን ቅርንጫፏ እስከማይታይ ድረስ በአንድ ጊዜ ፈነዳች። አክስቴ አፍንጫዋን አበባው ውስጥ ከታ "ናት! እሷው ናት!" አለች። የተጠማ ጽጌረዳ ሁሉ እንዲያ ሊያደርግ እንደሚችል አልጠፋኝም። ሸራዬ የአያቴ ናት ብሎ አልመሰከረም፤ አይደለችም የሚለውን ግን አፉን አስያዘልኝ። ለእኔ ይህ በቂ ነበር።

አክስቴ ወዲያው አዲስ አበባ ላለችው ታላቅ እህቷ በቪዲዮ ደወለችና ስልኩን አበባዋ ላይ ደቀነች።

"የእማዬ ጽጌረዳ! አየሻት?"

"አንቺ፣ የእማዬ እኮ ነጭ ነበረች።"

"ነጭ? ሮዝ ነበረች እንጂ! ሂጂ ዓይንሽን ታከሚ!"

ተኮራርፈው ዘጉት።

በዓመቱ ያንን ቤት ለቀቅን። ዕቃው ተጭኖ ሲያልቅ አክስቴ አፈሩን ቆፍራ ጽጌረዳዋን ከነሥሯ አወጣችና በቆንጨራ ለሁለት ከፈለቻት። ግማሿን እዚያው መልሳ ለአከራያችን ተከለችላት። ግማሿን በፌስታል ጠቅልላ፣ ታቅፋ ቦዳ በሚሉት የኪራይ ሞተር ላይ ወጣች።