የተቃጠለ ፈቃድ

የድሬ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሽመና ክፍል የሠራ ሰው ቤቱ ገብቶም ይጮኻል። እኔ ጨው ስበደር ጎረቤቴ የምጣላ ይመስላት ነበር። ማሽኖቹ ከተነሱ አጠገብህ ያለው ሰው ጆሮህ ሥር ካልጮኸ አይሰማህም፤ ስለዚህ የሽመና ሴቶች በከንፈር ነበር የምናወራው። ድምፅ አናወጣም፣ አፋችንን ብቻ እናንቀሳቅሳለን፣ ያኛዋ ከማዶ ታነበዋለች። ፊት ለፊቴ የምትሠራው የመጋላ ሰፈር ልጅ ቤቷ ኦሮምኛና ሶማሊኛ ነው የሚነገረው፤ አማርኛሽን የለቀምሽው ከከንፈሬ ላይ ነው እያልኩ እቀልድባት ነበር። ማልቀስ ያማራትም እዚያው ማሽኗ ላይ ታለቅሳለች። ፊቷን ወደ ግድግዳ ካዞረች የሚሰማት የለም።

እኔም ባሌ የጠፋ ጊዜ እዚያው ነው ያለቀስኩት። የባቡር ሠራተኛ ነበር። አንድ ቀን እንደ ልማዱ ከባቡሩ ጋር ጅቡቲ ወረደ፤ ባቡሩ ተመለሰ፣ እሱ አልተመለሰም። ሆዴ ገፍቶ ነበር። በደርግ ጊዜ ጅቡቲ መቅረት ቀላል ነገር ስላልነበረ ቀበሌ ጠርተው ጠየቁኝ፤ የማውቀው የለም አልኩ፣ እውነቴንም ነበር። ከዚያ ወዲህ ጎረቤቶቼ ሰላምታቸውን አሳጠሩ። ፈርተው ነው፣ አልፈርድባቸውም እላለሁ፤ ግን ፈርጄባቸዋለሁ።

ልጄ ሲወለድ ቤቱ ውስጥ እሱና እኔ ብቻ ቀረን። የወሊድ ፈቃዴን ያሳለፍኩት ልጅ በማባበል ነው፤ አይተኛም። የድሬ ሙቀት ነው ብዬ በእርጥብ ጨርቅ አበረድኩት፤ ሆዱን ነው ብዬ አሸሁት። ቤቱ ጸጥ ባለ ቁጥር ይብስበታል። በመጨረሻ አባቱን ነው የሚፈልገው አልኩ፣ ምክንያቱም እኔ የምፈልገው እሱን ነበር። አብሬው ማልቀስ ያምረኝና ደግሞ ግድግዳው ስስ ነው፣ ከማዶ ሰው አለ፣ አፌን በትራስ እይዛለሁ። እንደዚያ ጊዜ ብቸኝነት ተሰምቶኝ አያውቅም።

ፈቃዱ ሲያልቅ ልጁን የምሰጠው ሰው አጣሁ። እናቴ ናዝሬት ናት፤ እግሯ ስለማያራምዳት መምጣት አትችልም፣ «ነይ፣ እዚህ እናሳድገው» ብላ በሰው ልካብኛለች። ግን ድሬን ለቅቄ ከሄድኩ ባሌ መልእክት ሲልክ የት ያገኘኛል? ስለዚህ ሥራውን ልለቅ፣ ያልወሰድኩትን የዓመት ፈቃድ በገንዘብ ልቀበል፣ በእሱ ኪራይ እየከፈልኩ ያው ቤት ውስጥ ልጠብቀው ወሰንኩ። ፈቃዱንም ያጠራቀምኩት ለእሱ ነበር። እሱ እረፍት ሲያገኝ አብረን እናቴን እንጠይቃለን እየተባባልን ከዓመት ዓመት አሳደርነው። አንዱን ዓመት አለቃዬ «ዘመቻው ይለቅና ትወጫለሽ» ብሎ አስቀርቶኛል፤ የምርት ዘመቻ የማይኖርበት ጊዜም አልነበረም።

የመልቀቂያ ማመልከቻዬን ይዤ ሄድኩ። ልጅ ማሽን ክፍል አይገባምና በር ላይ ለምትፈትሸው ሴት አስይዤው ሽርጤንና መቀሴን ልመልስ ገባሁ። ሴቶቹ ሲያዩኝ እጃቸውን አወዛወዙልኝ፤ ሁሉም ግን አፋቸውን በሻሽ ሸፍነዋል። የጥጡ ብናኝ በዝቶ ነው አልኩ። የመጋላዋ ጓደኛዬም እንደተሸፈነች መጥታ አቀፈችኝና ጆሮዬ ላይ «አብሽሪ» ብላ ጮኸች። የምታወራኝ ነገር እንዳላት ጠብቄ ነበር፤ ወደ ማሽኗ ተመለሰች። ቅር አለኝ።

ልጄን ተቀብዬ ወደ አስተዳደር ሄድኩ። የፈቃድ ጉዳይ የያዘው ሰውዬ ረጋ ያለ የድሬ ልጅ ነበር። ፋይሌን ሲያገላብጥ ቆየና፣

«አቦ፣ የድሮው ፈቃድሽ እኮ ተቃጥሏል» አለኝ። በጊዜው ያልተወሰደ ፈቃድ ይቃጠላል ነው የሚባለው።

«ማነው ያቃጠለው?»

«ደንቡ ነዋ።»

«እንግዲያው ደንቡን ጥራልኝና ላናግረው።»

ሳይወድ ሳቀ። ከዚያ ፋይሌን ይዞ ወደ ኃላፊው ክፍል ገባ። ክፍሉ በመስታወት የተከለለ ነው፣ አንድ ድምፅ አያሳልፍም። እኔ አግዳሚው ላይ ተቀምጬ ልጄን እያወዛወዝኩ አያቸዋለሁ። ሰውዬው ጀርባውን ሰጥቶኛል፤ ኃላፊው ግን ፊት ለፊቴ ነው።

«አይቻልም፣ ተቃጥሏል» አለ ኃላፊው። ሰውዬው አንድ ነገር ነገረው።

«የማን ሚስት?» አለ።

ሰውዬው እንደገና ነገረው። ኃላፊው እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

«ያማ እዚያው ጅቡቲ አግብቷል። የባቡር ልጆች ከነሚስቱ አይተውታል። እሷ አልሰማችም እንዴ?»

ሰውዬው አልሰማችም በሚል ራሱን ነቀነቀ። ኃላፊው ወደ እኔ ሲያይ ዓይኔን ወደ ልጄ መለስኩ። የተሳሳትኩ መሰለኝ፤ ከንፈር አንዳንዴ ያሳስታል። ቀና ስል ግን «በሥራ ብዛት የተላለፈ ነው ብለህ አስገባላትና ትከፈል» ይል ነበር፤ ቀጥሎም «ሚስኪን» አለ። ሚስኪን ሲባል ከንፈር ግጥም ብሎ ነው የሚጀምረው፤ እሱን ማንም አይስተውም።

ሰውዬው ፈገግ ብሎ ወጣ። «ተፈቅዷል፣ ሁሉም ይከፈልሻል። ምን ትያለሽ?»

«እግዜር ይስጥልኝ» አልኩ። ወረቀቱን ሳላነብ ፈረምኩ፤ የደስታ መሰለው። ሰዎቹ ደግ ነበሩ፣ አውቃለሁ፤ ያን ቀን ግን ደግነታቸው አቃጠለኝ። ያጠራቀምኩትን ሁሉ ለማን እንዳጠራቀምኩት እነሱ አውቀውት እኔ አላወቅሁትም።

ገንዘቡን ተቀብዬ ስወጣ ሻሾቹ ትዝ አሉኝ። እነዚያ ሴቶች በብናኝ መሀል ዓመታት ሲሠሩ አንድም ቀን አፋቸውን ሸፍነው አያውቁም። ልጄን እንዳቀፍኩ ወደ ማሽን ክፍሉ ሄድኩ፤ ፈታሿ ፊቴን አይታ አላስቆመችኝም። በሩ ላይ ቆሜ ጓደኛዬን ፈለግኳት። ስታየኝ እጇ ወደ ሻሿ ሄደ።

«አውርጂው» አልኩ በከንፈሬ።

ዝቅ አደረገችው።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቂው?»

«ፈቃድ እንደወጣሽ፣ ሳትወልጂ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ወተትሽ እንዳይደርቅ» አለች። ማሽኗን ደግማ ትታ መምጣት አትችልም፣ ክሩ ይበጠሳል። እዚያው ቆማ ታየኛለች፣ እንባዋ ይወርዳል። ሌሎቹም አንድ በአንድ ሻሻቸውን አወረዱ። ተቆጥቼ ነበር የገባሁት። ጎንበስ ስል ልጄ ተኝቷል። በዚያ ሁሉ ጩኸት መሀል አፉን ከፍቶ እንቅልፉን ይለጥጣል። ሆዴ ውስጥ ሆኖ ሲሰማ የኖረው ይህንን ነበር። ያን ሁሉ ጊዜ ሲያለቅስ አባቱን እየፈለገ አልነበረም።

በማግስቱ ዕቃዬን በአንድ ሻንጣና በአንድ ማዳበሪያ ጠቅልዬ ባቡር ጣቢያ ሄድኩ። ቲኬት ቆራጩ ቀና ሳይል «ወደ ታች ነው ወደ ላይ?» አለኝ። ታች ጅቡቲ ነው። ለባሌ ያጠራቀምኩትን ገንዘብ ይዣለሁ፤ አውጥቼ እንደገና ቆጠርኩት። ከኋላዬ ያለችው ሴትዮ «አቦ ፍጠኒ እንጂ» አለችኝ።

«ወደ ላይ» አልኩ። «ናዝሬት።»

ባቡሩ ተንቀሳቅሶ መንኳኳት ሲጀምር ልጄ ወዲያው ተኛ። ቀጥሎ ያለው ሰው ለጓደኛው ሲያወራ አፉን አያለሁ እንጂ ድምፁ አይሰማም። ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ፣ ትራስ አያስፈልገኝም ነበር፣ አፌን ከፍቼ አለቀስኩ።