ጉልበት ጆሮ የለውም

ሰውየው እንደ ሸምበቆ ቀጭን ሆኖ ሳለ የሚጠሩት «ወፍራሙ» እያሉ ነበር። ስሙን ያወጡለት የባንዱ ጓደኞቹ ናቸው፤ የሚጫወተው ቤዝ ጊታር ነው፤ የቤዝ ክር ደግሞ ከክር ሁሉ ወፍራም ነው። «ወፍራሙ መጣ» ሲባል የሰማ እንግዳ በሩን ወለል አድርጎ ከፍቶ ሲጠብቅ፣ እሱ ከነጊታሩ በበሩ ጥግ ሹልክ ብሎ ይገባና ቤቱ በሳቅ ይሞላል።

በሥራ ቀን ወንበር ጠጋኝ ነበር። የተሰበረ እግር ይቀጥላል፣ የላላ መደገፊያ ያጠብቃል። ሰርግ ያለ ቀን ግን መዶሻውን ሰቅሎ፣ ጥቁር ሱሪውን ለብሶ፣ ከባንዱ ጋር አዳራሽ ለአዳራሽ ይዞራል።

ባንዱ አራት ሰው ነው። ዘፋኟን በዕድሜም በቁጣም ስለምትበልጣቸው «እትዬ» ይሏታል። በወጣትነቷ አንድ አሮጌ ማይክ ከንፈሯን ነዝሯት ያውቃል። ዘፈኑን ማቋረጥ ነውር መስሎ ስለታያት፣ መሐረቧን ከደረቷ መዝዛ ማይኩን ጠቀለለችና ቀጠለች። በማግስቱ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ተጠርቶ ገመዱን ከመሬት ጋር አገናኘላት፤ ማይኩም ዳግመኛ አልነዘረም። መሐረቡ ግን ቀረ። ከዚያ ወዲያ የከተማው ጀማሪ ዘፋኝ ሁሉ የውበት ነገር መስሎት ማይኩን በመሐረብ ይጠቀልል ጀመር፤ እሷም ምክንያቱን ለማንም ሳትናገር በሆዷ ትስቅ ነበር።

ድራም የሚመታው «ነጎድጓድ» ይባላል። ስለ እሱ ስሙ ይናገራል። አራተኛው ጊታር መቺው ነው፤ ዝምተኛ ነው፣ እጁ ግን ከድምፅ መጨመሪያዋ ቁልፍ አይርቅም።

በዚያ ባንድ ቤዝና ድራም ባልና ሚስት ናቸው የሚል ሕግ ነበር። ስለዚህ ወፍራሙ ሁልጊዜ ከነጎድጓድ ጎን ተጣብቆ ይቆማል፤ የድራሙም ትልቅ የነሐስ ሳህን ልክ በቀኝ ጆሮው ትይዩ ይሆናል። ጨዋታው ሲጀመር ሁሉም ጨዋ ነው። ከዚያ ጊታር መቺው ራሱን መስማት ያቅተውና ቁልፏን ጥቂት ያዞራል። ነጎድጓድ የተሸፈነ ይመስለውና ክንዱን ያበረታል። እትዬም በተራዋ ማይኩ ይጨመርልኝ ትላለች፤ ማይኩ ሲጨመር ትልቁ ስፒከር ያፏጫል። መጨረሻ ላይ አራቱም ይጮኻሉ፣ ማንም ማንንም አይሰማም፤ ደስታው ግን ደስታ ነው።

ከሰርግ ሲመለስ ጆሮው ጭው ይላል፤ አንቀላፍቶ ሲነቃ ይተወዋል። እንዲህ እንዲህ እያለ ዓመታት አለፉ። በኋላ ግን ጭውታው ሰው ምድጃ ላይ ረስቶት እንደሄደ ማንቆርቆሪያ ሌት ተቀን ያለቅስ ጀመር። ወፍራሙም ለማንም አልተናገረም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባል የለ? እሱም ባዳ አደረገው።

የሰው ንግግር ሲያመልጠው አንድ መላ ነበረው፤ ፈገግ ብሎ «እሺ» ይላል። «እሺ» ያላለቀ ነገር ሁሉ ይጨርሳል። ከሁሉ የሚያመልጠው ደግሞ የልጅ ልጁ የትንኝ ድምፅ ነበር። ልጅቷ ይህን ዘዴ ቶሎ ደረሰችበት። ከጫማ ጀመረች፣ ወደ አሻንጉሊት ተሻገረች፤ በመጨረሻ ሚስቱ አንድ ጠዋት ወጥ ቤት ውስጥ ግራጫ የድመት ግልገል አገኘች።

«ይቺን ማን አስገባት?» አለች ሚስት።

«አያቴ እሺ ብሎኛል፤ ሦስት ጊዜ» አለች ልጅቷ።

ሚስቱ ባሏ ድመት የማይወድ ሰው መሆኑን ከጋብቻ በፊት ጀምሮ ታውቃለች። ከዚያ ነጠላዋን አንሥታ፣ ክንዱን ይዛ፣ ያለ ብዙ ንግግር ወደ ጆሮ ሐኪም ወሰደችው።

ሐኪሟ ዝግ ያለች ሴት ነበረች። መረመረችው፣ ደወሎቿን አሰማችው፣ የሄደው እንደማይመለስ የቀረው ግን በእጁ እንዳለ አስረዳችው። ወፍራሙ ሙዚቃውን መተው ይኖርበት እንደሆነ ጠየቀ። እሷ መልስ ከመስጠቷ በፊት፣ ሲጫወት የጊታሩ ድምፅ የሚወጣበት ሳጥን የት እንደሚቀመጥ ጠየቀችው። ከኋላዬ፣ ወለሉ ላይ አላት።

«ታዲያ ድምፁ የት ነው የሚመታዎት?»

«ጉልበቴን» አለ።

«ጉልበት እኮ ጆሮ የለውም፤ ጋሼ» አለች እየሳቀች። «እናንተ ለጉልበታችሁ ስትጫወቱ ራሳችሁን አትሰሙም፤ ስለማትሰሙም ትጨምራላችሁ። ፊት ለፊት ያለው ሰው ግን ሙሉውን ይቀበላል።»

ለጆሮው መድፈኛ ትንንሽ ጎማዎች ሰጠችውና ነገሩን ለጓደኞቹ እንዲነግራቸው አደራ አለችው። ጎማዎቹን ተቀበለ፤ አደራውን ግን አልተወጣም። ጆሮው የደከመ ቤዝ ተጫዋች ማን ይፈልጋል? በልቡ ቦታው በሌላ ሰው ተይዞ፣ ያው ወፍራም ክር በሌላ ጣት ሲመታ ይታየዋል። ለእሱ ከባንዱ መውጣት ከቤተ ዘመድ መባረር ነበር።

የሚቀጥለው ሰርግ ከሰዓት በኋላ ነበር። ወፍራሙ ጎማዎቹን ወተፈ፤ ባርኔጣውንም እስከ ጆሮው ድረስ ደፋ። ዓለም ጥጥ ለበሰች፤ ደስ አለው። ዓይኑን ጨፍኖ ጣቱን ለቀቀ።

የባንዱ ዘፈን የሚያልቀው በአንድ ምልክት ነው። ነጎድጓድ በእንጨቱ የድራሙን ጠርዝ አንዴ «ቋ» ያደርጋል፣ ሁሉም በአንድነት ዝም ይላሉ። ያን ቀንም ቋ አደረገ። እትዬ ዝም አለች፣ ጊታር መቺው ዝም አለ። ቤዙ ብቻ ዱም ዱም እያለ መንገዱን ቀጠለ። መጀመሪያ አዳራሹ ግራ ተጋባ። ቀጥሎ አንድ ሽማግሌ በጭብጨባ ተቀበሉት፤ ከዚያ የሙሽራዋ አባት እጃቸውን ዘርግተው ተነሡ። ነጎድጓድ በሬው የሰው ማሳ የገባበት ገበሬ ይመስል እንጨቶቹን አንሥቶ ደርቆ ቀረ፤ ሕዝቡ ሲጦፍ ግን ምርጫ አጥቶ ከሥር ገባለት። አዳራሹ በጩኸት ተናጋ።

ዕቃ ሲጠቀልሉ ነጎድጓድ አኩርፎ ነበር።

«ብቻህን መታየት ካማረህ ንገረን እንጂ፤ ወንበር እናመጣልህ ነበር» አለው።

ወፍራሙ ባርኔጣውን አወለቀ። ጎማዎቹን ከጆሮው አውጥቶ ከፊታቸው በሳጥኑ ላይ አስቀመጣቸው። ሐኪሟ ያለችውን ሁሉ አንድ ሳያስቀር ነገራቸው፤ የድመቷንም ጭምር። በመጨረሻ «ቋ ስትል አልሰማሁህም። ሌላ ቤዝ ፈልጉ፤ አላኮርፍም» አለ። ድምፁ ግን ማኩረፍ ብቻ ሳይሆን ማልቀስም እንደሚቃጣው ይናገር ነበር።

ቀድማ አፏን የከፈተችው እትዬ ናት።

«እንዳንተ ያለ ቀጭን ወፍራም ከየት ይመጣል?» አለችው። «ሞኝ።»

ከዚያ ነጎድጓድ እንጨቶቹን እያሻሸ፣ እሱም ስልክ ሲጠራ ከሰማ መቆየቱን፣ ሚስቱም ኩራት ነው ብላ እንደተቀየመችው አወጣ። ጊታር መቺው፣ ያ ዝምተኛ፣ ዝም የሚለው፣ ሰው ምን እንዳለ ሳይሰማ ላለመመለስ ብሎ እንደሆነ ተናገረ። እያንዳንዱ ሌላው እንዳያባርረው ፈርቶ ደብቆ ኖሯል። ተያዩና በሳቅ ፈነዱ።

ወፍራሙ በዚያው ሳምንት የሰው ወንበር መጠገኑን ትቶ ለድምፅ ሳጥኖቹ እግር ሠራላቸው፤ ሳጥኖቹን ወደ ላይ ቀና አድርጎ ከባለቤታቸው ጆሮ ጋር የሚያገጣጥም ዘንበል ያለ መቆሚያ። ነጎድጓድ ሳህኑን ወደ ሌላው ጎን አዛወረ፤ ዘፈንም ሲያልቅ በእንጨት ብቻ ሳይሆን በአገጩ ምልክት ሊሰጥ ተስማማ። ጎማ ለሁሉም ተገዛ። ለልምምድ ሲሰበሰቡ እትዬ ቁልፎቹን በየተራ ወደ ኋላ አዞረች፤ ጊታር መቺው የእሱ ቁልፍ ሲዞር ጥርሱ እንደሚነቀል ሰው ፊቱን አጨማደደ።

ጀመሩ። ወፍራሙ ራሱን ሰማ፤ ጊታሩን ሰማ፤ የእትዬን ትንፋሽ ሳይቀር ሰማ። ከዚያ ሌላ ነገር ሰማ። አንድ ወፍጮ የሚመስል፣ ከዜማው ፈንጠር ያለ ጉምጉምታ። ሌሎቹም ሰሙትና አንድ በአንድ መጫወታቸውን አቆሙ። ነጎድጓድ ዓይኑን ጨፍኖ፣ እየመታ፣ በሙሉ ልቡ ያንጎራጉራል።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የምትዘፍነው?» አለች እትዬ።

«ሁልጊዜ» አለ ደንግጦ። «አትሰሙም ነበር እንዴ?»

ወፍራሙ መሬት ላይ ተቀምጦ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ነጎድጓድ ፊቱ ቀልቶ የሙዚቃው ድምፅ ወደ ድሮው ከፍታ እንዲመለስ ጠየቀ፤ ጊታር መቺውም በደስታ እጁን ወደ ቁልፏ ሲሰድ እትዬ በመሐረቧ እጁን መታችው።

ድምፁ እንደተቀነሰ ቀረ። ወፍራሙም በቦታው፣ በነጎድጓድ ጎን ቀረ። በቤቱ «እሺ» ማለት ትቶ «ምን አልሽ፣ እናቴ?» እያለ ጎንበስ ማለት ጀመረ፤ ልጅቷ ጥቅሟ ቢቀርባትም ድመቷን አልመለሰችም። በሰርግ አዳራሽ ደግሞ ነጎድጓድ ከንፈሩን ገጥሞ ይጀምርና ዘፈኑ ሲሞቅ ይረሳዋል። ያን ጊዜ ወፍራሙ የሚሻለውን የግራ ጆሮውን ቀስ ብሎ ወደ ጓደኛው ያዞራል፤ ዓይኑን ይጨፍናል፤ ከዜማው የወጣውን ያን ጉምጉምታ ይሰማል።