ጋሽ ወርቁ ፈተና ክፍል የገቡ ዕለት

ሰሞኑን ከእህቴ ልጅ ከሳራ ጋር ወደ ሰፈራችን ሽዋመንዲንገን በትራም ስንመለስ፣ የእንግሊዝኛ የቤት ሥራዋን ከስልኳ ላይ እያነበበች ሳቀች። ሳራ እዚሁ ዙሪክ የተወለደች ተማሪ ናት።

«አክስቴ፣ ‘ሲሊ’ እኮ ድሮ ጅል ማለት አልነበረም። የተባረከ ማለት ነበር፤ እንደ ጀርመኑ ‘ሴሊግ’። ፎል ኮሚሽ!»

በጀርመንኛ ‘በጣም ያስቃል’ ማለቷ ነው። ለእሷ አስቂኝ ነው። ለነገሩ ቃልም እንደ ሰው ከማዕረጉ ይወርዳል፤ የተባረከው ውሎ አድሮ ጅል ተባለ። እኔ ግን የእንግሊዝኛ ቃል የድሮ ፍቺ ሲነሳ መሳቅ አይሆንልኝም፤ የፈተናዬ ዕለት ትዝ ይለኛል።

ገና ሃያዎቹን መጀመሬ ነበር። ጄኔቭ ባለ አንድ የተርጓሚዎች ትምህርት ቤት የመግቢያ የጽሑፍ ፈተናውን አልፌ የቃል ፈተናው ቀርቶኛል። ከወደቅኩ አውስቫይሴ፣ ማለትም የመኖሪያ ፈቃዴ፣ አይታደስም። አዲስ አበባ ያለው ቤታችን ተበትኗል፤ ስዊዘርላንድን ልቀቂ ብባል የት እንደምገባ አላውቅም ነበር።

የቃል ፈተናው በእንግሊዝኛ ቃላት የድሮ ፍቺና አመጣጥ ላይ ነው። ያንን ያስተማሩኝ ጋሽ ወርቁ ናቸው። አገር ቤት የእንግሊዝኛ መምህር ነበሩ፤ ተሰደው ዙሪክ አጠገብ ዲቤንዶርፍ ይኖራሉ። ቅዳሜ ቅዳሜ ድንች ጠብሰው እያበሉኝ ቃል ይበልቱልኝ ነበር፤ ዶሮ እንደሚበልት ባለሙያ መገጣጠሚያውን አይስቱም።

የፈተናው ዕለት ብቻዬን ልሂድ ብል እምቢ አሉ። የካቲት ነው። ከዙሪክ ጀምሮ ጭጋጉ የባቡሩን መስኮት ሸፍኖታል። ዳቦና ቅቅል እንቁላል ቋጥረው መጥተዋል።

«ብዪ እንጂ ልጄ።»

«አይወርድልኝም ጋሽዬ።»

ሎዛን ልንደርስ ስንል ባቡሩ ከዋሻ ወጣና የጄኔቭ ሐይቅ በፀሐይ ተሞልቶ ከፊታችን ተዘረጋ። ውበቱ አናደደኝ። ሊነጥቁኝ ያሉትን አገር የሚያሳዩኝ መሰለኝ።

ጄኔቭ ጣቢያ ሁለት ሽማግሌዎች ከራባት አስረው፣ ነጠላ ደርበው ይጠብቁናል። ጋሽ ወርቁ በስልክ የጠሯቸው ናቸው። ደነገጥኩ።

«ጋሽዬ፣ እነዚህ ለምንድን ናቸው?»

«ለትልቅ ጉዳይ ሰው ያለ ሽማግሌ አይቀርብም።»

«ፈተና እኮ ነው! ጋብቻ አይደለም!»

«አውቃለሁ። በር ላይ ብንቆም ምን ይጎዳል?»

የፈሩት ይደርሳል ይባል የለ? ከሦስቱ ፈታኞች ፊት ገና ከመቀመጤ በሩ ተከፈተና ጋሽ ወርቁና ሁለቱ ሽማግሌዎች ገቡ። ኮፍያቸውን አውልቀው እጅ ነሱ። ጋሽ ወርቁ በዚያ ባማረ እንግሊዝኛቸው፣ «ይህች ልጅ ሰው አላት። ጠባይዋን ልንመሰክርላት ነው የመጣነው» ብለው ጀመሩ። ዋናዋ ፈታኝ፣ ፀጉሯ የሸበተ ሴትዮ፣ ብዕሯን አስቀመጠች። በትሕትና አስወጥታቸው በሩን ዘጋች።

«ፈታኞችን ለማግባባት መሞከር ከፈተና ያሰርዛል» አለችኝ። «ሰዎቹን ያውቋቸዋል? እርስዎ ነዎት ያመጧቸው? መልስ እፈልጋለሁ።»

«አላውቃቸውም» የሚለው ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። በዚያች ቅጽበት ጋሽ ወርቁን ጠልቻቸው ነበር፤ በቃ፣ ጠልቻቸው ነበር። በበሩ መስታወት ጀርባቸው ይታየኛል። ኮፍያቸውን እንደያዙ ቆመዋል።

«አውቃቸዋለሁ» አልኩ። «እንዲገቡ አልጠየቅኩም። ግን የእኔ ሰዎች ናቸው።»

ድምፄ አንዴ ከወጣ በኋላ ማቆም አልቻልኩም። «መልስ ብለዋል፤ በእንግሊዝኛው ‘አንሰር’። ቃሉ ድሮ ‘በተቃራኒ’ እና ‘መማል’ ከሚሉ ሁለት ቃላት የተገጠመ ነው። የተከሰሰ ሰው ሸንጎ ፊት ቆሞ ክሱን በመሐላ ሲያስተባብል ነው እንዲያ የሚባለው። በዚያ ዘመን ሕግ ደግሞ ብዙ ጊዜ ብቻውን መማሉ አይበቃውም ነበር፤ ዘመድ ጎረቤቱ አብሮት ቆሞ ይምልለታል። የሚምልለት ያጣ ይፈረድበታል። ከዚያ ጋር የሚቀራረብ ልማድ እኛ ጋ ዛሬም አለ። ሽማግሌዎቹ የመጡት ሊጫኗችሁ አይደለም። ሰው እንዳለኝ ሊያሳዩ ነው።»

ኮሪደር ላይ እንድጠብቅ ታዘዝኩ። ሽማግሌዎቹ ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል። የጋሽ ወርቁ ፊት አመድ መስሏል።

«አበላሸሁብሽ?» አሉኝ በሹክሹክታ።

«አላውቅም ጋሽዬ።»

ቆይቶ በሩ ተከፈተ። «ፈተናው ይቀጥላል» አለች ሴትዮዋ። «አሁን የሰማነው የመጀመሪያው ጥያቄ መልስ ሆኖ ይያዛል።» ወደ ሽማግሌዎቹ ዞራ፣ «እናንተ ግን እዚሁ ጠብቁ» አለች። ጠበቁ። አለፍኩ። እንቁላሉን ስንመለስ ለብቻዬ ጨረስኩት።

ጋሽ ወርቁ ዛሬ ዲቤንዶርፍ በአረጋውያን ቤት ናቸው። ያ ሁሉ ቃል እየከዳቸው ነው፤ አንዳንድ ቀን ስሜም ይጠፋባቸዋል። ሐኪም ቤት የማደርሳቸው እኔ ነኝ። ወጣቱ ሐኪም በእሳቸው ፋንታ መናገር ስጀምር «እሳቸው ራሳቸው ይመልሱ» ይለኛል፤ እውነቱን ነው። እዚህ አገር ሰው ለብቻው ሲጠየቅ ነው ፍትሕ የሚባለው፤ ልክም ሳይሆን አይቀርም። እኔ ግን ከበሩ ወዲያ የቆመ ሰው ባላይ ኖሮ ያን ቀን እውነቱን ለመናገር አቅም አገኝ እንደነበር እርግጠኛ አይደለሁም።

ጋሽ ወርቁ ሲጠየቁ ዞረው ያዩኛል። በእሳቸው ፋንታ አልመልስም። ቃሉን እስኪያገኙት ድረስ አጠገባቸው እቀመጣለሁ፤ ውጪ ቢሉኝም አልወጣም።