ጋቢዬን የጋረድኩላቸው እንግዳ

ጋቢዬ የበግ ጮማ ይሸታል፤ እኔ ግን ዛሬ ሥጋ የሚባል አልቀመስኩም።

ከአዲስ አበባ የመጡ ትልቅ ሹም «ጣናን ከላይ ሆኜ ልየው» ስላሉ፣ ከጎንደር እስከ ጎርጎራ በማኪና፣ ከዚያ በታንኳ ወደ አንዲት ደሴት አጀብናቸው። ከኮረብታው ጫፍ ሐይቁ ዙሪያውን ተንጣሎ ሲታይ፣ እንዴት ሸጋ ነው!

ሹሙ ግን አስቀድመው ምሳ አሉ።

መቼም ትልቅ ሰው ሲበላ የሰው ዓይን እንዳይበላው ይጋረዳል። እኛም ጋቢያችንን ዘርግተን ከበብናቸው። እኔ የቆምኩት ፊት ለፊታቸው፣ ሐይቁን ጋርጄ ነው።

ከጋቢው ወዲያ አጥንት ሲመጠጥና ሲያገሱ እሰማለሁ። ድንገት ጋቢዬ ጎተት ጎተት አለ። ለካ እጃቸውን እየጠረጉበት ነው!

ከጎኔ ጋቢ የያዙትን ሽማግሌ «አያ ተገኘ፣ ምነው ዝም እንላለን?» ብላቸው፣

«አንተስ ታድለሃል፤ በእኔው ተናፍጠውበታል» አሉኝ።

ሹሙ በልተው ሲያበቁ «ፀሐዩ በረታ» ብለው፣ በጃንጥላ ተከልለው ቁልቁል መሬት መሬት እያዩ ወረዱ። ታንኳው ላይ «ከላይ ያየሁትን መቼም አልረሳውም!» አሉን። እኛም እጅ ነሣን።

እናንተስ ትልቅ ሰው ጋርዳችሁ ታውቃላችሁ? ጋቢያችሁ እንዴት ሆኖ ተመለሰ? የእኔማ ጋቢ አጥር ላይ ተሰጥቷል፤ የሰፈሩ ውሻ ሁሉ ተሰብስቦ እየላሰው ነው።