ሰባት ስልሳ ሁለት

ሰሞኑን ከወልዲያ ወደ ውርጌሳ ስወርድ፣ ሚኒባሱ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠ ወጣት ስለ ጥይት መጠን የሚያስረዳ ቪዲዮ በስልኩ ያያል። «ቁጥሩን ካወቃችሁ ጥይቱን አወቃችሁ» ይላል አስረጂው። ልከራከረው አማረኝ፤ ከስልክ ጋር መከራከር ግን ገና አልጀመርኩም።

ቁጥሩ የሚናገረው የጥይቱን ውፍረት ነው። ስለ ርዝመቱ አንድም ነገር አይናገርም። ይህን ያወቅሁት በሃያ ዓመቴ፣ ጠመንጃ ሳልነካ፣ ከመጽሐፍ ነው። ጥቅም ይኖረዋል ብዬም አላሰብኩም።

የዚያው ዓመት የጥቅምት መጨረሻ ነበር። ውርጌሳ የእናቴ ወንድሞች ዘንድ ሄጄ የማሽላ እሸት በፍም እየጠበስኩ እበላለሁ። ታላቁ አጎቴ ደሳለና ታናሹ ሞላ በመስኖ ውሃ ተጣልተዋል። ሞላ በደሳለ ተራ ውሃውን ጠልፎ ወደ ራሱ ሽንኩርት ለቀቀው፤ ደሳለም በሰው ፊት «እገድለዋለሁ» ብሎ ማለ። በቤት ውስጥ የተባለ ቁጣ ሲነጋ ይረሳል። በሰው ፊት የተባለውን ግን ማን ያስረሳል?

ደሳለ ክላሽ አለው። ጥይቱን ግን በእህቱ ልጅ ሠርግ ላይ ወደ ሰማይ ተኩሶ ጨርሶታል፤ ሰማይ ምን እንደበደለን እስከ ዛሬ አላውቅም። ራሱ መርሳ ገበያ ቢወርድ ወሬው ሞላ ጆሮ ይገባል። ስለዚህ ሚስቱን እትዬ ዘነቡን ላካት። «ሰባት ስልሳ ሁለት ስጠኝ በይው» አላት። እኔም የመርሳን ብርቱካን አስቤ ተከተልኳት።

ሻጩ ከጨው ተራ ጀርባ የጥይት ጣሳውን ደብቆ ተቀምጧል። ቁጥሩን ስትነግረው ሳቀ።

«እትዬ፣ የክላሹም ሰባት ስልሳ ሁለት፣ የብሬን መትረየሱም ሰባት ስልሳ ሁለት። የቱን ልስጥዎት?»

ወደ እኔ ዞረች። «አንተ የተማርከው፣ ልዩነታቸው ምንድን ነው?»

«ውፍረታቸው አንድ ነው። የብሬኑ ግን ረጅም ነው፤ ክላሽ አይጎርሰውም።»

«ጭራሽ?»

«ጭራሽ።»

«እንግዲያው ረጅሙን ስጠኝ» አለችው።

«ኧረ እትዬ፣ ጋሽ ደሳለ ያላቸው ክላሽ አይደል እንዴ?»

«እኔ የተነገረኝ ቁጥሩ ነው።»

አፌን ስከፍት እግሬን ረገጠችኝ። እስኪያመኝ።

ማታ ደሳለ ጥይቱ የተቋጠረበትን ጨርቅ ፈታ። «የብሬን ነው እኮ ይሄ! አንቺ ሴትዮ፣ አብደሻል?»

«ሰባት ስልሳ ሁለት አላልከኝም? ይኸው ልጁን ጠይቀው!»

ጠየቀኝ። «ቁጥሩስ እሱ ነው፣ ጋሼ» አልኩ። አልዋሸሁም።

እስከሚቀጥለው ገበያ መጠበቅ ግድ ሆነ። በዚያ ሳምንት መሃል ቄሱም ሼኹም ሽማግሌ ይዘው መጡ፤ ሁለቱን ወንድማማቾች ዛፍ ሥር አስቀምጠው ውሃውን ቀንና ሌሊት ብለው አካፈሏቸው። ደሳለ ከመሐላው በሰው ፊት ተፈታ።

ዓመታት ካለፉ በኋላ አንድ ነገር ይከነክነኝ ጀመር። በእኛ አገር ጥይት የሚጠራው በጠመንጃው ስም ነው። «የክላሽ» ይባላል፣ አለቀ። ደሳለ ደግሞ ሚሊሻ የነበረ ሰው ነው። ታዲያ ያን ቀን ብቻ ለምን በቁጥር ላካት? መግደሉን የማይፈልግ፣ መተዉን ግን ያፈረ ሰው፣ ለሚስቱ ሆን ብሎ ቀዳዳ ቢተውላትስ? በዚህ ግኝቴ ብዙ ኮርቻለሁ።

ሰሞኑን ውርጌሳ ስደርስ ደሳለና ሞላ ደጅ ተቀምጠው ይከራከራሉ፤ ስለ ሽንኩርት ዘር። እትዬ ዘነቡን ወደ ጓዳ ተከትዬ ሐሳቤን ዘርዝሬ ነገርኳት። ሽንኩርቷን መክተፍ ሳታቆም ሰማችኝ።

«ይሆናል» አለች። «እኔ ግን የክላሽ ብሎ ቢልከኝም የምገዛው ረጅሙን ነበር።»